ጆሮዬ በደንብ ወጥቷል

ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት፣ ወሩ ጥቅምት ነው። ጠዋት ይበርዳል፤ ቀን ፀሐይ ነው። ሸረፋ ወንድሜ፣ አሰላሙ አለይኩም። ቤተሰብ ደህና ነው? በርበሬህ ቀላ? የእኔም እየቀላ ነው። ና ቁጭ በል፤ አግዳሚው የደንበኛ ነው፣ እኛም ደንበኛ ነን። የስቱዲዮው ጌታ ከመጋረጃው ጀርባ ሥራ ላይ ነው... እንዳንረብሸው ቀስ ብለን እናውራ። ድምፄ በደንብ ይሰማል? ደግ።

ወሬ እንደማልወድ ታውቃለህ። ግን ሰኞ ወልቂጤ ላይ ሆዴን ሊከፍቱኝ ነው። ሐኪሙ "አይዞህ" አለኝ። ሐኪም አይዞህ ሲል ሰው ምን ያደርጋል? እኔ ፎቶ ልነሳ አልኩ። ለለቅሶ የሚያዝ ፎቶ የለኝማ! ብተርፍ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ብሞት እህቴ ከፍ አድርጋ ይዛው ታለቅሳለች። ደግሞስ እንደ እኔ የታደለ ማን አለ? ቡታጅራን ያስደነቀው ስቱዲዮ ያለው ሰው የማንን ወተት ጠጥቶ ነው ያደገው?... ተወው፤ ስም አንጥራ።

ተላጨሁ። አዲሱን ጋቢ ለበስኩ። "ወደ እኔ አትመልከት፣ ወደ መስኮቱ ዙር" ተባልኩ፤ ዞርኩ። በሬዬ እንኳ እንዲህ በአንድ ቃል ዞሮልኝ አያውቅም! "ፊት ይዋሻል፣ ጥላ ግን አይዋሽም። ብርሃን የሚያምረው ሲቆጠብ ነው" ተባልኩ። እውነት ይሆናል። ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ምን አውቃለሁ? ለእኔ ብርሃን የተዘራ የሚበቅልበት ነገር ነበር። መቆጠብ እንዳለበት ማን ነገረኝ?

ፎቶው ይኸውልህ፤ ያዘው። አገኘኸኝ?... ዘቅዝቀኸዋል፣ ላዩ በዚያ በኩል ነው። ይህቺ ነጭ ነገር ጆሮዬ ናት። ይኸ እጄ፣ ይኸ ዱላዬ። የቀረው ጥቁር ሁሉ ጥበብ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ተሸክሜያት ስዞር ጆሮዬ እንዲህ ቆንጆ መሆኗን አላውቅም ነበር! እህቴ ደረቷን እየመታች "ወይኔ ወንድሜ፣ ወይኔ ጆሮህ!" ትበል? አዲስ አበባ የተወለዱት የልጅ ልጆቼ እኮ መልኬን በቅጡ አያውቁትም። ናዝራዊት "አያቴ የቱ ነው?" ብትል ምኑን ሊያሳዩዋት ነው? ዱላውን?

ወቀሳ አይደለም። ሰውዬው ብርሃን አልቸገረውም። ያቺን ግድግዳ ላይ ያለችውን በቅሎ ተመልከት፤ ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ይታያል! በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች... ለእሷ መብራት ቢያበዛላት ምን ይገርማል? ዘመድ ለዘመዱ ያበራል። ባለፈው አንዲት አስተማሪ ይህንኑ የእኔን ፎቶ አይታ "ማናቸው?" አለችው። እኔ እዚሁ አግዳሚ ላይ ነበርኩ። "አንድ ገበሬ ናቸው" አላት። በዚህች በቆንጆዋ ጆሮዬ ሰማሁ። ልክ እኮ ነው! ገበሬ አይደለሁም እንዴ? ደግሞ "ናቸው" ብሎ አክብሮኛል፤ ባለጌ አላሳደግኩም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲሉ እሰማ ነበር... የፎቶ አንሺ አባት ምን እንደሚያጣ ግን የነገረኝ የለም።

ስለዚህ ወሰንኩ። ዛሬ ማለዳ ከመናኸሪያው አጠገብ፣ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ከሚያነሳው ከዑመይር ዘንድ ገባሁ። ምስኪን፣ ፍልስፍና የለውም፤ ያለው ነጭ ጨርቅና አንድ መብራት ነው። "አባባ፣ ቀና ብለው እኔን ይዩኝ" አለኝ። አየሁት፤ አየኝ። አለቀ። በትልቁ አሳጥቤ ለእህቴ ላክሁላት። ፊቴ አስቀያሚ ነው፣ አፍንጫዬም ሰፊ ነው፤ ግን እኔ ነኝ። ይህን የጆሮዬን ፎቶ ደግሞ ከነፍሬሙ ለባለቤቱ ልመልስ መጣሁ። ይኸው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ተነስ እንሂድ፣ ሸረፋ። ቆይ... ሳይመርቁ መውጣት ነውር ነው። እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ደጁ ሰው አይጣ። የብዙ ልጆች አባት ያድርገው፤ ልጆቹም እንደ እሱ ጥበበኞች ይሁኑ። ሲሸመግል፣ ሲታመም፣ እሱ እኔን ባየበት ዓይን ይዩት።

አሜን በል እንጂ!