የመምህራን ሽንት ቤት ቁልፍ

ጡረተኛው ርዕሰ መምህር አቤቱታችንን በብብታቸው ይዘው ሲመጡ ወጣቷን ተተኪያቸውን ቢሮዋ አላገኟትም። በዕረፍት ሰዓት ከሴት ተማሪዎች ጋር ሽንት ቤት በር ላይ ተሰልፋ አገኟት። እኔም አጠገቧ፣ በወንዶቹ ሰልፍ ነበርኩ፤ አቤቱታውን ከፈረምነው አሥራ ዘጠኝ መምህራን አንዱ ነኝ።

የተማሪዎቹ ሽንት ቤት ውሃውም መቀርቀሪያውም ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል። እሷ በተሾመች በሁለተኛው ወር የመምህራኑን ቆልፋ፣ “የልጆቹ እስኪጠገን ሁላችንም እዚያው” አለች። አዛውንቱ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ አቤቱታውን ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ካስተላለፉት ከቦታዋ መነሳቷ አይቀርም።

“እንደምን አደሩ ጋሼ?” አለች ከሰልፉ ሳትወጣ።

“እኔ ያስተማርኩሽ ልጅ! አለቃ ከተማሪ ጋር ሲጋፋ ማን ያከብረዋል?”

“ወረፋ መጠበቅን ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ?”

ልጆቹ ሳቁ። ሽማግሌው ግን ኮስተር አሉ።

“ቁልፉን ስጪኝና ይህን ወረቀት ልቅደደው።”

“አልሰጥም።”

“ትነሻለሽ!”

“ልነሳ። እስክነሳ ግን አልከፍትም። ይጠገን ብዬ ለጽሕፈት ቤቱ ስድስት ጊዜ ጽፌ ‘ይታሰብበታል’ ተባልኩ። ከመምህራኑ አንድ እንኳ አብሮኝ የፈረመ አልነበረም። የራሳችን ሲቆለፍ ግን በአንድ ቀን አሥራ ዘጠኝ ፊርማ!”

መሬት መሬት አየሁ።

“የመምህር ክብር...” ብለው ጀመሩና አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እግራቸው መቆም ያዙ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ለመሆኑ... ለእኔ ብቻ ለአንድ አፍታ ብትከፍቺልኝ?” አሉ።

“የወንዶቹ በዚያ በኩል ነው ጋሼ።”

ተራዬን ለቀቅኩላቸው። ውስጥ ሆነው በሩን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ሰው እንዳይገባባቸው ሳያቋርጡ ሲያስሉ ሰማን። ሲወጡ ቧንቧውን ቢያዞሩት ጠብ የሚል ነገር የለም። እጃቸውን ከልብሳቸው አርቀው ቆሙ።

“የሴቶቹም እንዲሁ ነው?”

“የባሰ ነው” አለች አንዲት ተማሪ። “ለዚህ ነው ጠዋት ውሃ የማንጠጣው።”

ሽማግሌው ወደ ልጅቷ ዞሩ። “እዚህ የምትማረው የልጅ ልጄም አትጠጣም” አሉ። “ቅብጠት መስሎኝ ስቆጣት ከረምኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ያን ቁልፍ በኪሴ ይዤ ስዞር እዚህ አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም!”

እስክሪብቶዬን ተቀብለው “ርዕሰ መምህርቷ ትነሳልን” የሚለውን ሰረዙና “የተማሪዎቹ ሽንት ቤት ይጠገንልን” ብለው ጻፉ።

“ፊርማህን ታነሳለህ?” አሉኝ።

“አላነሳም ጋሼ።”

የሌሎቹንም ፈቃድ ሊጠይቁ መምህራን ክፍል ገቡ። አሥራ ሰባታችን ተስማማን፤ ሁለቱ እስካሁን አኩርፈዋል። ከዚያ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው፣ “ለጥገናው እስክትፈርሙ የእናንተን ሽንት ቤት ቁልፍ አምጡ” አሉ። በሦስተኛው ቀን ጠጋኞቹ መጡ።

ዛሬ ውሃው ይወርዳል፣ በሩም ይቀረቀራል። በየወሩ ለቀናት ይቀሩ የነበሩ ሴቶች ልጆች ስማቸው ሲጠራ “አቤት” ይላሉ። ሆድ ቁርጠት እያሉ ከክፍል መውጣትም ቀርቷል። መሪ የሚመራቸው ሰዎች በሚገቡበት በር ካልገባ፣ የበሩን መሰበር የሚያውቀው በወሬ ብቻ መሆኑን ያኔ ተማርኩ።

የመምህራኑ ግን ዛሬም እንደተቆለፈ ነው። ቁልፉን ስንጠይቃት ትስቅብናለች።

“ምነው? የልጆቹ ምን ጎደለው?”