መሞቅና ማሟሟቅ

ከደብረ ታቦር ወደ መካነ ኢየሱስ የሚሄደው አውቶቡስ መንገድ ላይ ጭቃ ያዘውና ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። ሽማግሌዎችና እናቶች ዳር ይዘው ቆሙ፤ ጉልበት ያላቸው ለመግፋት ተሰበሰቡ። ከነሱ መካከል አንድ ቀጠን ያለ ወጣት ግን ፈንጠር ብሎ ክንዶቹን ያሽከረክር፣ ትከሻውን ወደ ፊት ወደ ኋላ ያንቀሳቅስ ጀመር።

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ጋቢያቸውን ተከናንበው ያዩታል። በቤተ ልሔም ደብር የዜማ መምህር ናቸው። ቀልድ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ሚስታቸው ካረፉ፣ ልጃቸውም ከሄደች ወዲህ ግን ቀልዱ የሚሰማው ጆሮ አጥቶ ከርሟል። ለማያውቁት ሰው ቀልድ ጣል ያደረጉትም ስለዚህ ይሆናል።

«አንተ ልጅ፣ ሠርግ ቤት መሰለህ? መኪናው እኮ እስክስታ አይወድም» አሉት።

ወጣቱ ስቆ እጅ ነሣ። እሱባለው ይባላል፤ የወገዳ ልጅና የስፖርት መምህር ነው። ወደ መካነ ኢየሱስ የሚሄደውም በማግስቱ የተማሪዎችን ውድድር ሊዳኝ ነው። ከመግፋቱ በፊት ሰውነቱን እያሟሟቀ እንደሆነ በትሕትና አስረዳቸው።

«ማሟሟቅ» የምትለዋን ቃል ሲሰሙ የመሪጌታ ፊት ጠቆረ። ቃሏን እንደሚያውቋት፣ ልጃቸውንም የወሰደችባቸው እሷ እንደሆነች ነገሩት።

መኪናው ወጥቶ ጎን ለጎን ከተቀመጡ በኋላ ነገሩን አወጡት። አንዲት ልጃቸው ሕሊና ጦር ወርዋሪ ናት። አምና በወረዳው ውድድር ሊያዩዋት ከካህናት ጋር ሄደው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ክንዷን ስታወናጭፍና ወገቧን ስታዞር ደረሱ። አፈሩባት። ጠርተው ምን ሆና እንደሆነ ቢጠይቋት «ልሟሟቅ ብዬ ነው» አለች። መሞቅ ከሆነማ ምን ቸገረ ብለው የገዛ ጋቢያቸውን አከናንበው፣ ጥግ ይዛ ፀሐይ እንድትሞቅ አስቀመጧት። ስሟ ሲጠራ ከጋቢው ወጥታ ወረወረች፤ ትከሻዋን ይዛ ወደቀች። ክንዷ እስኪሻላት አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣትም። ሲሻላት ግን መካነ ኢየሱስ አክስቷ ንግስት ዘንድ እማራለሁ ብላ ሄደች፤ በዚያው ቀረች። አሁን ደግሞ በማግስቱ ውድድር ዳግመኛ ልትወረውር እንደሆነ ሰምተው፣ ጨዋታውን አስጥለው ወደ ቤት ሊመልሷት መሄዳቸው ነው።

«ማታ በሩን የምዘጋ እኔ፣ ጧትም የምከፍት እኔ» አሉት። «ሰው ዋልህ ወይ ብሎ የማይጠይቅበት ቤት ቤት አይደለም፣ ልጄ።»

እሱባለውን ብቸኝነትን ማጽናናት ትምህርት ቤት አላስተማሩትም፤ ስለዚህ ወደሚያውቀው ነገር ሄደ።

«የኔታ፣ አይቆጡኝና ፀሐይና ጋቢ ያን ያህል አይረዱም። ከውጭ የመጣ ሙቀት ብቻውን ለክንድ ጉልበት ብዙም እንደማይፈይድ ተጠንቷል። ጡንቻ የሚነቃው በገዛ ሥራው ነው። ክንድን መጀመሪያ በዝግታ ማዞር፣ ከዚያ ማፍጠን፣ ከዚያ ከበድ ያለ ነገር መግፋት፣ ኋላ ደግሞ ጦሩን ለስለስ አድርጎ መወርወር። ያን ጊዜ ክንዱ ያለውን ኃይል ይሰጣል።»

«ገበሬው ሞፈሩን ከማንሣቱ በፊት ይጨፍራል እንዴ? ሥራው ራሱ ያሞቀዋል።»

«ገበሬው ቀኑን ሙሉ ነው የሚያርስ፤ እየሠራ ይሞቃል። ወርዋሪ ግን ጉልበቷን ሁሉ በአንድ ቅጽበት ነው የምታወጣው። ቀስ በቀስ…»

«እንቁላሉን ተወውና ነገሩን ንገረኝ።»

እሱባለው ሳቀ፤ ጥቂት አሰበና በእሳቸው ቤት በኩል መጣ።

«ማኅሌት ስትቆሙ በጽፋት ትጀምራላችሁ?»

«እንዴት ተደርጎ። መጀመሪያ ያለ ከበሮ በቁም ይባላል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል። ከበሮው ሲገባ መረግድ ነው። ጭብጨባው፣ ጽፋቱ፣ ኋላ ነው የሚመጣ።»

«አንዱ ተማሪዎ ከእንቅልፉ ተነሥቶ በጽፋት ቢጀምርስ?»

«ድምፁም ጉልበቱም ይከዳዋል። መቋሚያ አሲዤ ከቁሙ…» አሉና የተከናነቡትን ጋቢ ተመለከቱ።

ለተማሪ ሁሉ የሚያዝኑለትን ነገር ለገዛ ልጃቸው እንደ ነፈጉ ያን ጊዜ ገባቸው። ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ፣ ባይከለክሏት ኖሮ አትጎዳም ነበር ወይ ብለው ጠየቁ።

«ይህን አልምልልዎትም» አለ እሱባለው። «ጉልበት እንደሚጨምር በደንብ ታይቷል። ክንድን ከጉዳት ምን ያህል እንደሚያድን ግን ገና በወጉ አልተጠናም። እኔ ያድናል ብዬ አምናለሁ፤ ተማሪዎቼንም ሳላሟሙቅ አላስወረውርም።»

አዎን ቢላቸው ንስሐ ይገቡ ነበር፤ አይደለም ቢላቸው ይቀላቸው ነበር። ሁለቱንም አላገኙም። እውነት ተናጋሪ መምህር መሆኑን ግን አወቁ፤ ያመኑትም በዚህ ነው።

ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም አድረው በማግስቱ ሜዳው ዳር ሲደርሱ ሕሊና ክንዷን ታሽከረክር ነበር። ስታያቸው እጇ ወረደ፤ እንደ ችካል ቆመች። መሪጌታ ጠጋ ብለው «ያን ቀን ያፈርሁ እኔ ነኝ፤ አንቺ የምታፍሪበት የለሽም። ጀምሪ» አሏት። ጀርባዋን ሰጥታቸው ጀመረች።

አንድ የእስቴ ሽማግሌ፣ ይህች ልጅ ምን ነክቷት ነው እጇን የምታወናጭፍ ብለው ጠየቁ።

«ምንም አልነካት» አሉ መሪጌታ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ትከሻዋን ለሥራ እየቀሰቀሰች ነው። ያልነቃ ክንድ ጉልበቱን ይሰስታል፤ በድንገት ሲወጠርም ያሰጋል። በዝግታ ጀምሮ እየጨመሩ የነቃ ክንድ ግን ኃይሉን ይሰጣል። ይህን ቡና ለምትወቅጥም ጦር ለምትወረውርም ልጅዎ ይንገሩ፤ እንጨት ፈላጭም ቢሆን ይጠቅመዋል። ጋቢ ደርቦ ፀሐይ መሞቅ ግን የኔ ብጤ ሽማግሌ ሥራ ነው።»

ጦሩ ሄደ። ስንተኛ እንደ ወጣች መሪጌታ አልጠየቁም፤ ዓይናቸው የነበረው ትከሻዋ ላይ ነው። አልያዘችውም።

ሕዝቡ ሲበተን መጥታ አጠገባቸው ቆመች።

«የት ነው የሚያድሩ?» አለቻቸው።

ከቤታቸው ሲነሡ ዛሬውኑ እሷን ይዞ ስለ መመለስ እንጂ ስለ ሁለተኛ ሌሊት ማደሪያ አላሰቡም ነበር።

«እንጃ። ነገ ግን ብቻዬን ነው የምመለስ» አሉ፣ ሳትጠይቃቸው።

«አውቃለሁ፣ አባባ» አለችና ኮሮጇቸውን ተቀብላ በዚያ በተጎዳው ትከሻዋ አንጠለጠለችው።