ከአማቴ ጋር የተጣላንበት ክረምት

በእኛ ጊዜ እኮ ልጆቼ፣ እንደ ዛሬው ባልና ሚስት በር ዘግተው መኖር የለም። አንድ ግቢ ውስጥ አማት አለች፣ የባል እህት አለች፣ ከሌሞ ገጠር ለትምህርት የመጣ የአጎት ልጅ አለ፣ እና ሁሉም ከአንድ ድስት ነው የሚበላው። ታዲያ ደርግ መጣና፣ ትርፍ ቤት ይወረሳል አለ።

እኛ ደግሞ ሆሳዕና ዳር ሁለት ቤት አለን። ፊት ለፊት እኛ፣ ከእንሰቱ ጀርባ አማቴ። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ቤቱ ከእንሰቱ ማዶ ነው፣ ደረቱን እንዲህ ነፍቶ መጣና፣ "አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ቤት! የጓሮው ትርፍ ነው!" አለ። የልጆቼ አባት ደንግጦ፣ "ኧረ እናቴ ራሷን የቻለች ናት፣ ለብቻዋ ነው የምትበላው" አለው። "እናያለን" ብሎ ሄደ። አማቴ ያቺን ቤት ከባላቸው ጋር ጭቃ ረግጠው ነው የሠሯት፣ እሷን ከማጣት ሞት ይሻላቸዋል። እና ምን አሉ? "ለብቻዬ መብላቴን ማን ያምናል? መጣላት አለብን።"

ታዲያ ተጣላን! በማግስቱ ውሃ ልቀዳ ስወጣ፣ አማቴ አጥሩ ጋ ቆመው፣ "አንቺ ደግሞ ምራት ነሽ? ቆጮሽ ጥሬ፣ ጎመንሽ አሸዋ!" እኔም፣ በአንቱታ ነው ታዲያ፣ "እርስዎ ምላስዎን ይሰብስቡ!" አልኩ። ሰፈሩ ወጣ። እኔ በሆዴ እየሳቅኩ ነው፣ እሳቸው ግን፣ ስሙኝ እንጂ፣ ከልባቸው ነበር! ከሠርጌ ጀምሮ ያጠራቀሙትን ሁሉ አወጡት። እና ሲመሽ በእንሰቱ መሃል ሹልክ ብለው ይመጡና፣ "ጎመኑን ጨምሪልኝ" ይላሉ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሰፈሩ አመነን። የጸሎት ቤት ሰዎች አዘኑ፣ "እናስታርቃቸው" ብለው ሽማግሌ ሰበሰቡ፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሊቀመንበሩ ራሱ! ሳይነግሩን ድንገት ገቡ። ያን ቀን ደግሞ ቅቤ የጠጣ አተካና፣ ያው የእኛ የቡላ ምግብ፣ ሠርቼ፣ አማቴን እያጎረስኳቸው ነው።

ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ቆሞ፣ "እማማ፣ እዚህ ምን ይሠራሉ?" አለ።

"ልሰድባት መጥቼ ነው" አሉ፣ አፋቸው እንደሞላ።

"እየጎረሱ?"

"ታዲያ በባዶ ሆድ ልሳደብ?"

እኔ፣ በቃ ቤቷ ተወረሰች ብዬ እንባዬ መጣ። አማቴ ግን ዋጥ አደረጉና፣ "ስማ አንተ ልጅ፣ ያንተም እናት ከሚስትህ ተጣልታ የጓሮውን ቤት ለብቻዋ ይዛለች አሉ። ትላንት ማታ እንሰቱ ውስጥ ግንባር ለግንባር ተጋጨን። እሷ ለእራት ወደ አንተ ቤት፣ እኔ ወደዚህ።"

ሊቀመንበሩ ቀስ ብሎ ተቀመጠና እጁን ታጠበ። አተካናውን ጎረስ አድርጎ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረና፣ "የእነዚህስ ጠብ ከባድ ነው፣ በጭራሽ አይታረቁም!" አላቸው።

ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ተጣልተን በፍቅር ኖርን። ይኸው፣ አሁን የተቀመጥንባት ቤት ያቺው ናት።

"አያቴ፣ ቆጮሽ ግን እውነት ጥሬ ነበር?"

ሂጂ ከዚህ! አንቺም የእሳቸው ዘር ነሽ፣ ሃ ሃ ሃ!