ከግድግዳው ማዶ የሚሰማ ቋንቋ

ነገሩ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፎታል፤ ሶፋ ሠሪውም ያን ቀን የሰማውን ሁሉ አያስታውሰውም። ግማሹን መዶሻው ውጦበታል፣ ከተረፈው ላይ ደግሞ ዕድሜ ድርሻውን ወስዷል። የቀረችው ግን እንደ ትናንት ናት። የሥራ ቤቱን ከማታው ትምህርት ቤት የሚለየው ግድግዳ ቀለም የተቀባ ኮምፔንሳቶ ብቻ ስለነበር፣ ማዶ ላስነጠሰ ሰው ወዲህ ሆኖ «ይማርህ» ማለት ይቻል ነበር።

«አጎቴ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» የምትለው ወጣቷ አስተማሪ ነበረች።

«ታግሼሻለሁ፤ አንቺ ግን ክፍሉን የጥቅሻ ቤት አደረግሽው» አሉ መምህሩ። «ሰው ጠረጴዛ እየነካካ፣ በር እየከፈተ እየዘጋ ቋንቋ ይማራል?»

«ነገሩን አሳያቸዋለሁ፤ ስሙን እነግራቸዋለሁ፤ እነሱም ይሉታል። በመካከላችን ሌላ ቋንቋ አይገባም።»

«መልካም፣ ጠረጴዛውን አሳየሻቸው። ተስፋን በየትኛው ኪስሽ ይዘሽላቸው ልትመጪ ነው?»

ወጣቷ ለዚህ ምን እንደመለሰች ሶፋ ሠሪው አልሰማም፤ ልክ በዚያች ቅጽበት የገዛ መዶሻው ጮኸበት። ቀጥሎ የሰማው የመምህሩን መደምደሚያ ነው። «በሳምንቱ መጨረሻ ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድሩት የማኅበሩ ሰዎች ሲሰበሰቡ ‹ክፍሉ ይዘጋ› ብዬ እናገራለሁ። አትቀየሚኝ ልጄ፤ ስለምወድሽ ነው።»

እነዚህን ሰዎች በቅጡ ማወቅ ያስፈልጋል። መምህሩ የማታው ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ የባዕዱን ቋንቋ ሲያስተምሩ ጸጉራቸው ሸብቷል። ወጣቷ የወንድማቸው ልጅ ናት፤ ሩቅ ሄዳ ማስተማርን ተምራ የተመለሰች፣ የክፍሉን ደፍ ከረገጠች በኋላ ከገዛ ቋንቋዋ አንዲት ቃል የማትወጣት። ሶፋ ሠሪው ደግሞ ሲሠራ ደቃቅ ሚስማሮቹን በከንፈሩ ይዞ አንድ በአንድ እያወጣ ስለሚመታ፣ ሰፈሩ «አፈ ሚስማር» ይለው ነበር። አፉ በሥራ የተያዘ ሰው ጆሮው ሥራ ይፈታል፤ እሱም ብዙ የሚሰማ፣ ጥቂት የሚናገር፣ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት በልቡ አጭር ጸሎት አድርሶ ወደ ሥራው የሚገባ ሰው ነበር።

የክፍሉ መዘጋት ለሱ የጎረቤት ወሬ ብቻ አልነበረም። የሶፋውን ልብስ የምትሰፋለት ባለቤቱ ከወጣቷ ተማሪዎች አንዷ ነበረች። ሴት ልጃቸው ባሕር ማዶ አግብታ የወለደቻት ሕፃን አፏን የፈታችው በዚያው አገር ቋንቋ ነው። በየሳምንቱ ስልክ ሲደወል አያትየዋ «የኔ ቆንጆ» ትልና፣ ከዚያ በላይ ስንቅ ስለሌላት ስልኩን ለባሏ አቀብላ፣ የታጠፈውን ጨርቅ ፈትታ እንደገና ታጥፈው ነበር። አስቀድሞ ከመምህሩ ዘንድ ብዙ ተምራ፣ የግሡን እርባታ እንደ ውዳሴ ትወጣው ነበር። ስልኩ ሲያቃጭል ግን ምላሷ ይተሳሰራል። መምህሩም አዝነውላት፣ «እህቴ፣ ለዚህ ነገር ጊዜው አልፎብሻል» ብለው አሰናብተዋት ነበር።

በማግስቱ ወደ ማምሻው ላይ መምህሩ አንድ ወንበር ተሸክመው ከሶፋ ሠሪው በር ደረሱ።

«እንደምን ዋሉ መምህር? ምነው እርስዎ ተሸከሙት፣ ቢልኩብኝ እኔ እመጣ አልነበር?»

«እግዜር ይስጥህ። ከመድረኩ ላይ ያለው ወንበሬ ነው፤ ለስብሰባው አድስልኝ። ሰው ፊት ሲጢጥ አልወድም።»

ሶፋ ሠሪው ወንበሩን ገልብጦ መረመረው። «እግሮቹ ምንም አልሆኑም። ያለቀው መቀመጫው ነው። መምህር፣ ብዙም አይነሱ መሰለኝ።»

«መምህር ለምን ይነሳል? የሚነሳው ተማሪ ነው» አሉና ከተጠቀለለው ስፖንጅ ላይ ተቀመጡ። ስፖንጁ እስከ ወገባቸው ዋጣቸው፤ እሳቸውም ክብራቸው እንዳልተነካ ሰው ባርኔጣቸውን አስተካከሉ።

በዚህ ጊዜ ከማዶ ትምህርት ተጀመረ። የወጣቷ ድምፅ ተሰማ፤ በር ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ ብዙ ድምፆች ተከትለዋት አንድ ነገር አሉ። አንዱ ተሳሳተና ሳቅ ሆነ፤ የተሳሳተውም አብሮ ሳቀ፤ ደግሞ አለው።

«ትሰማለህ ይህን ጫጫታ?» አሉ መምህሩ። «አንድ ቃል በራሳችን ቋንቋ ብትነግራቸው ባንድ ትንፋሽ የሚያልቀውን፣ እሷ ግማሽ ሰዓት በር ትከፍትበታለች።»

ሶፋ ሠሪው ሚስማሮቹን ከአፉ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠ። እንዲህ ካደረገ የሚናገረው አለ ማለት ነው።

«ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልበል?»

«በል።»

«እርስዎ ሲያስተምሩ በዚህ ግድግዳ ስሰማ ስንት ዘመኔ። ድምፅዎ ሸጋ ነው፤ ሥራ ያቀላል። ስለ ግሥ ሰማሁ፣ ስለ ቅጽል ሰማሁ፣ የኋላ ወንበር ላይ ስለሚያንቀላፉትም ሰማሁ። ሁሉንም የሰማሁት ግን በራሳችን ቋንቋ ነው። የባዕድ ቋንቋ ትምህርት ቤት ጎረቤት ሆኜ የባዕዱን ቋንቋ ሳልሰማው ኖርኩ። ከሷ ወዲህ ነው ጆሮዬን የገባው።»

መምህሩ መልስ አላጡም። «መጀመሪያ ሰው ይገባዋል፤ ከገባው በኋላ ይናገራል። ማስተማር ማለት ይህ ነው።»

«ይሁን መምህር። ግን የሚናገሩት መቼ ነው?»

መምህሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሰነፍም አልነበሩም። የተማሩት በዚያ መንገድ ነው፤ ያስተማሯቸውንም ሰዎች ይወዱ ነበር። ብዙ ያረጀ ልማድ በመካከላችን የሚኖረው ስለሚጠቅመን አይደለም፤ ብንተወው ያወረሱንን የካድን ስለሚመስለን ነው እንጂ። የወላጁን ቤት ጣሪያ የለወጠ ልጅ ግን ወላጁን አልካደም፤ ዝናብ እንዳይገባ አደረገ እንጂ።

ከማዶ አንዲት ሴት ብቻዋን መናገር ጀመረች። ቀስ ብላ፣ አንዳንዴ እየቆመች፣ ጠዋት ከመነሣቷ ጀምሮ የዋለችበትን ትተርክ ነበር፤ መስኮት መክፈቷን፣ ጨርቅ መቁረጧን፣ የመርፌዋን መሰበር። መምህሩ ወደ ግድግዳው ጠጋ አሉ።

«ይህቺ ማን ናት? ጥሩ ትናገራለች።»

«‹እህቴ፣ ጊዜው አልፎብሻል› ያሏት ናት።»

«ባለቤትህ?» አሉ መምህሩ። «ሸምድዳው ይሆናል።»

«ሊሆን ይችላል። ጥቂት ይቆዩ። ዛሬ የልጅ ልጃችን የምትደውልበት ቀን ነው፤ ባለቤቴ ከክፍል ስትወጣ በቀጥታ ወደዚህ ነው የምትመጣው።»

ትምህርቱ አልቆ ባለቤቱ ስትገባ ወጣቷም አብራት ነበረች። አጎቷን ከስፖንጅ መካከል ስታይ ሳቋን ዋጥ አድርጋ እጅ ነሣች።

«ደህና ዋሉ አጎቴ? ወንበር ጠፍቶ ነው?»

«ወንበሬ ታማሚ ነው። ነይ ተቀመጪ፤ ትናንት ያልጨረስነው አለ።» ፊታቸውን ወደ ሶፋ ሠሪው መለሱ። «አንተም ስማ፤ ቅር ያለኝ ሌላ ነገር ነው። የራሳችንን ቋንቋ ከክፍል ማባረር ንቀት አይደለም? አንቺንም እናትሽ ያሳደገችሽ በሱ ነው።»

«አላባረርኩትም አጎቴ። ዝናብ ሲዘንብ የመጣ እንግዳ ጃንጥላውን በር ላይ ያቆማል፤ ሲወጣ ይወስደዋል። ማንም ሰው ጃንጥላውን ናቀ አይለውም። እኔም በር ላይ ያቆዩት ነው የምላቸው።»

«ምላስሽ መቼም አይሸነፍም። እሺ፣ ከክፍል ወጥተው ያልተማሩት ቃል ሲገጥማቸውስ? እዚያ የሚተረጉምላቸው የለም።»

«እዚያ የሚተረጉምላቸው ስለሌለ ነው እዚህ የማልተረጉምላቸው። በሚያውቁት ቃል የማያውቁትን ዙሪያ እንዲዞሩት አስተምራቸዋለሁ። እኔ መሐል ከቆምኩ እኔን ነው የሚያዩት እንጂ የሚያነጋግሩትን ሰው አያዩትም።»

«ወሬ ነው» አሉ መምህሩ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ትናንቱ አልነበረም።

ባለቤቱ ይህን ሁሉ አትሰማም ነበር። ስልኩን ከጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣዋለች። አነሣችው፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። ወደ በሩ ሄደች፤ የተጠራች ይመስል ፈጥና ተመለሰች። እንደገና አየችው።

መምህሩ ሲያዩዋት ቆዩ። ከዚያ አንዲት ቃል በባዕዱ ቋንቋ ከአፋቸው ወጣች፤ ለማንም ያሉት አልነበረም።

ሶፋ ሠሪው ቃሏን ደገማት። «መምህር፣ ይህቺን ቃል ከማዶም ሰምቻት ነበር፤ ምን እንደሆነች አላወቅሁም። አሁን ገባችኝ።»

«ምን ገባህ? አልተረጎምኩልህም።»

«እሷን እያዩ አይደል ያሏት? ተስፋ ናታ።»

መምህሩ ወጣቷን ቀና ብለው አላዩዋትም። ትናንት በየትኛው ኪስሽ ትይዢዋለሽ ያሏትን ነገር ዛሬ በገዛ አፋቸው፣ ያለ ትርጉም፣ በአንዲት ሴት ፊት ላይ አሳይተው አስተምረውት ነበር።

ስልኩ አቃጨለ። ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን ከፈተችው፤ የሕፃኒቱ ቀጭን ድምፅ የሥራ ቤቱን ሞላው። ሰላምታ ተለዋወጡ። ሶፋ ሠሪው እጁን የሚያሳርፍበት ቢያጣ የወንበሩን መቀመጫ ቀስ ብሎ ይመታ ጀመር። ሕፃኒቱ ወዲያው ምን እንደሚጮህ ጠየቀች።

«አያትሽ ነው፤ ሥራ ላይ ነው» አለች አያት በልጅ ልጇ ቋንቋ።

«በምን ነው የሚሠራው?»

ባለቤቱ ቆመች። የሚስማርን ስም አልተማረችውም። ወጣቷን አየቻት፤ ወጣቷ ጣሪያውን ታይ ነበር። መምህሩ ቃሉን ያውቁታል፤ ከንፈራቸው ተከፈተ፤ ሶፋ ሠሪው መዳፉን አነሣና ለመናቸው። ዋጡት።

«ትንሽ ናት» አለች ባለቤቱ ቀስ ብላ። «ብረት ናት። ጫፏ ስል ነው። አያትሽ አፉ ውስጥ ያስቀምጣታል። እራቱ ግን አይደለችም።»

ከስልኩ ሳቅ ፈነዳ። ሕፃኒቱ ቃሉን ነገረቻት። አያት ደገመችው፤ ሕፃኒቱ እንደ ትልቅ ሰው አረመቻት፤ አያት እንደገና አለችው፤ አሁን ልክ ሆነ። ከዚያም ሕፃኒቱ ስልኩን ይዛ ስትሮጥ የእግሯ ኮቴ ተሰማ፤ እናቷን ጠርታ አንድ ነገር በችኮላ ነገረቻት።

ይህቺ ለሶፋ ሠሪው አልገባችውም። የባለቤቱ ዓይን እንባ ሲያቀርር ግን አየ። «ምን አለች መምህር?»

መምህሩ ወጣቷን አዩ።

«ይሄን ይተርጉሙለት አጎቴ» አለች። «ከክፍል ውጭ ነን፤ ጃንጥላውን እንውሰድ።»

«‹እማዬ፣ አያቴ መናገር ትችላለች› ነው ያለችው» አሉ መምህሩ። «ለሕፃኗ እስከ ዛሬ አያቷ ዲዳ መስላት ነበር።»

ባለቤቱ ስልኩን ለማንም አላቀበለችም። ወደ በሩ ወጥታ፣ ከመንገዱ ዳር ቆማ፣ የሚያልፈውን ሁሉ ለልጅ ልጇ መንገር ያዘች፤ ብስክሌቱን፣ ውሻውን፣ ጎማ የሚያንከባልለውን ሰው። የታጠፈው ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የነካው የለም። ሶፋ ሠሪውም በልቡ ፈጣሪውን አመሰገነ።

መምህሩ ከስፖንጁ ለመነሣት ታገሉ፤ ወጣቷ እጃቸውን ይዛ አነሣቻቸው።

«ልጄ፣ እኔ ስለ ዋና ሳስረዳ ነው የኖርኩት» አሉ። «አንቺ ውኃው ውስጥ ከተትሻቸው። እሷን ‹ጊዜው አልፎብሻል› ያልኳት ጊዜው አልፎባት አልነበረም፤ በኔ ክፍል የሷ ድምፅ የሚወጣበት ጊዜ ስላልነበረ ነው። የምትናገረውን በሆዷ ከራሳችን ቋንቋ እየተረጎመች እስክትጨርስ ሰውየው ስልኩን ይዘጋል። አንቺ ጋር ግን ከነገሩ ወደ ቃሉ ትሄዳለች፤ መሐል ላይ ማረፊያ የላትም። ቃል ቢጎድላት አትደነግጥም፤ ትዞረዋለች። ስትሳሳት የሚስቅባት የለም፤ አብሯት የሚስቅ ነው ያለው። ይህ ጥቂት ነገር አይደለም።»

«እና ለማኅበሩ ሰዎች ምን ሊሏቸው ነው?»

«ክፍሉ ይስፋ እላለሁ። የኔም ጀማሪዎች እንዳንቺው ይማሩ እላለሁ። ካላመኑ እዚህ አምጥቼ በግድግዳው አሰማቸዋለሁ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሚያስፈራኝ የገዛ አንደበቴ ነው። ስንት ዘመን የለመደ ምላስ፣ ሳላውቀው ቢያመልጠኝስ?»

«እሱን ለኔ ይተዉት» አለ ሶፋ ሠሪው። «የራሳችንን ቋንቋ ስሰማ ግድግዳውን በመዶሻ እመታለሁ።»

«በመጀመሪያው ሳምንት ግድግዳው ይፈርሳል» አለች ወጣቷ፤ መምህሩም ከሁሉ በፊት ሳቁ።

ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ በሩ አመሩ። ሶፋ ሠሪው ወንበሩን አነሣ። «መምህር፣ ለስብሰባው ይደርስልዎታል፤ ነገ ቆዳውን አለብሰዋለሁ።»

መምህሩ ዞረው ወንበሩን አዩት፤ ከዚያ የወንድማቸውን ልጅ አዩ።

«አልብሰውና ሥራ ለሚጠብቁ ደንበኞችህ አድርገው» አሉ። «እኔ ከሰኞ ጀምሮ ቆሜ ነው የማስተምረው።»