የጎብዬ ቡድን ስልሳ ነጥብ

የምስክር ቃል መቀበያ ቅጽ

ሙሉ ስም፦ ጀዊሪያ ሙህዲን እንድሪስ
ዕድሜ፦ 34
ሥራ፦ የአይሲቲ መምህርት
አድራሻ፦ ቆቦ ከተማ፣ 03 ቀበሌ
ቀን፦ ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን ሰለሞን ታረቀ

እኔ ስሜ ከላይ የተገለጸው ምስክር ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር መጥቼ፣ በእምነቴ ምዬ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ተጠርጣሪውን ሕሉፍ ተስፋይን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ስላስተማርኩት አውቀዋለሁ። ዝምድናም ጠብም የለንም።

ቅዳሜ ታኅሣሥ 11 ቀን በቆቦ ከተማ በሚገኝ አዳራሽ የተማሪዎች የሮቦት ውድድር ተካሂዷል። ልጆቹ የሠሩት ትንሽ ሮቦት ጠረጴዛ ላይ በተሣለ እርሻ እየተንቀሳቀሰ በሁለት ደቂቃ ተኩል ውስጥ የቻለውን ያህል የጠርሙስ ክዳን ወደ ተሣለው ጎተራ ያስገባል። ዳኛው ነጥቡን ወረቀት ላይ ጽፎ ይፈርማል፤ ወረቀቱ እኛ መዝጋቢዎቹ ጋ መጥቶ ኮምፒውተር ላይ ይመዘገባል። የጨዋታውን ሰዓትም ደረጃውንም የሚያወጣው አንድ ፕሮግራም ነው። ይህን ፕሮግራም ከኢንተርኔት አውርዶ በሁለት ላፕቶፖች ላይ የጫነልን ሕሉፍ ነው፤ አምስት ሳንቲም አልተቀበለም።

በሕሉፍ ላይ በቀረበው አቤቱታ "የፕሮግራሙን ውስጥ ከፍቶ ነጥብ ቀየረ" ተብሏል። መክፈቱን ከፍቷል። ግን ይህ ፕሮግራም የሠሩት ሰዎች ማንም እንዲያነበው፣ እንዲያርመው፣ በነፃ እንዲሠራበት ብለው ክፍት አድርገው የለቀቁት ነው። እዚያ ውስጥ የተሰበረ ቁልፍ የለም። እኔም ከፍቼ አነበዋለሁ፤ መርማሪውም ቢፈልጉ ያነቡታል።

ጥፋቱ የተጀመረው ቅዳሜ ጠዋት 2፡30 ላይ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ሕሉፍ ላፕቶፑን ሲያስረክበኝ "ቲቸር፣ ሰዓቱን ብቻ እንዳይነኩት" ብሎኝ ነበር። ፕሮግራሙ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ "8፡45 ጎብዬ" የሚል ሲወጣ ከጎብዬ ከተማ የመጡት ልጆች "የእኛ ከሰዓት በኋላ ነው" ብለው ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ ከበር መለስኳቸው። ተናደድኩ። የራያ ልጅ በፈረንጅ ሰዓት የሚጫወተው ምን ዕዳ አለበት ብዬ የእኔን ላፕቶፕ ሰዓትም መርሐ ግብሩንም ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩት። ልጆቹ ደስ አላቸው፣ እኔም ኮራሁ። ሁለተኛው ላፕቶፕ ግን በፈረንጅ ሰዓት እንደነበረ ቀረ። ለሕሉፍም አልነገርኩትም።

ከቀኑ 7፡10 ላይ የጎብዬ ቡድን የመጨረሻ ጨዋታውን ጨረሰ። ዳኛው የጻፈው 165 ነው። በሁለተኛው ላፕቶፕ ላይ የተቀመጠችው ተማሪ ኡሙሃኒ 7፡14 ላይ ተሳስታ 105 ብላ አስገባች። ወዲያው መብራት ጠፋ፤ ሁለቱን ላፕቶፖች የሚያገናኘው የዋይፋይ ሳጥንም አብሮ ጠፋ። 7፡20 ላይ የጎብዬ ቡድን መሪ ተማሪ ኢኽላስ መጥታ ስትከራከረኝ የዳኛውን ወረቀት አይቼ በእኔ ላፕቶፕ ላይ 165 ብዬ አረምኩ። ጎብዬ አንደኛ ሆነ፤ ልጆቹም ጨፈሩ።

7፡55 ላይ መብራት መጣና ላፕቶፖቹ መዝገባቸውን ተለዋወጡ። ፕሮግራሙ ለአንድ ጨዋታ ሁለት ነጥብ ሲያገኝ ዘግይቶ የገባውን ይወስዳል። የኡሙሃኒ ስሕተት በፈረንጅ 13፡14 ተብሎ፣ የእኔ እርማት 7፡20 ተብሎ ነው የተመዘገበው። ማሽኑ ምን ያድርግ! እርማቴን የጠዋት አድርጎ ቆጥሮ ጣለው፣ ስሕተቱን ወሰደ። ግድግዳው ላይ የቆቦ ቡድን አንደኛ ሆኖ ወጣ። በዚያ ቡድን ውስጥ የሕሉፍ እህት ሊያ አለች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስናገር አሁንም ደሜ ይፈላል። ሕሉፍ ምን እንደተፈጠረ ለማወቅ ሁለተኛው ላፕቶፕ ላይ ተቀምጦ የፕሮግራሙን ውስጥ ከፈተ። ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ጽሑፍ ሲታይ የኢኽላስ አባት አቶ አብዱሰመድ "ያውና! እጅ ከፍንጅ!" ብለው ጮኹ። እሳቸውን አልወቅስም፤ ልጃቸው እያለቀሰች ነበር። ከኋላ ግን አንድ ሰው ስለ ሕሉፍ ዘር የተናገረው ቃል አለ። ያንን ቃል እዚህ ወረቀት ላይ አላስጽፍም። አዳራሹ በሙሉ ሰምቶታል፤ ሊያም ሰምታለች። ሕሉፍ በፖሊስ ተይዞ ሲወጣ አንገቱን ደፍቶ ነበር። እኔም ምክንያቱን ገና ስላላወቅሁ ላፕቶፔን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እሑድ ረፋድ 4፡00 ላይ ላፕቶፑን ከፍቼ መዝገቡን ሳነብ 13፡14 እና 7፡20ን አንድ ላይ አገኘኋቸው። በዚያው ሰዓት መምጣት ሲገባኝ አልመጣሁም። ለምን ተብዬ በመርማሪው ስጠየቅ፣ ፈርቼ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ኮምፒውተር አስተምሬ ሰዓት አበላሸች ልባል ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ ቤቴ ተቀመጥኩ። ልጁ እዚህ ሲሚንቶ ላይ ተኝቶ እኔ ስለ ስሜ አስብ ነበር። አፈርኩ፤ ይጻፍልኝ።

ዛሬ ጠዋት 2፡50 ላይ ቁርስ ይዤለት መጣሁ። ገና አፌን ሳልከፍት ፊቴን አይቶ "ሰዓቱ ነው አይደል፣ ቲቸር?" አለኝ። ለካስ ቅዳሜ ዕለት ጥቁሩ መስኮት ላይ አይቶት ኖሯል። ሁለት ቀን ሲጠየቅ ስሜን አላነሣም። ለምን አልተናገርክም ብዬ ብጮኽበት "እርስዎ ራስዎ መጥተው ይናገራሉ ብዬ ነው" አለ። እኔ የመጣሁት ግን አንድ ቀን አሳድሬ ነው።

ዳኛው የፈረመበትን ወረቀትና ላፕቶፔን ለመርማሪው አስረክቤያለሁ። ዋንጫው የጎብዬ ነው። ሕሉፍ ዛሬውኑ እንዲለቀቅ እጠይቃለሁ፤ የሚጠየቅ ካለ እኔ እዚሁ ነኝ። ይህንኑ ቃል በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት ቆሜ ለመናገር ዝግጁ ነኝ።

የተጻፈው ተነቦልኝ ከአፌ የወጣ ቃል መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግም በአላህም ፊት እጠየቃለሁ። መርማሪው ቃሉ ያበቃበትን ሰዓት 3፡40 ብለው ጽፈው ነበር። "ጠዋት፣ በእኛ አቆጣጠር" የሚል እንዲጨመርበት ጠይቄ፣ ተጨምሮልኝ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ጀዊሪያ ሙህዲን
የመርማሪ ፊርማ፦ ም/ሳጅን ሰለሞን ታረቀ
ሰዓት፦ 3፡40፣ ጠዋት፣ በእኛ አቆጣጠር