የኮከብ ቀዛፊዎች ወዳጆች ጠብ

አቶ ከፍያለው ካምፓላ ከተማ፣ ካባላጋላ ሰፈር ውስጥ ትንሽ የፊልም ቤት አላቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ኢትዮጵያዊውም ኤርትራዊውም እዚያ ተሰብስቦ «የኮከብ ቀዛፊዎች» የሚባለውን የጠፈር ተከታታይ ፊልም ያያል። ሳምንቱን ሙሉ ደግሞ ክርክሩ በቴሌግራም ይቀጥላል፤ የቡድኑ ኃላፊም እሳቸው ናቸው። ፊልሙን ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለሚያውቁት እንደ አባት ርስት ይቆጥሩት ነበር።

አንድ ቀን የስክሪናቸው ማቆሚያ ብረት ተሰብሮ ሊያስበይዱ ብረት ሠሪዎች ወደሚበዙበት ወደ ካትዌ ሰፈር ወረዱ። በያጁ ዘንድ አንዲት ወጣት ቀድማቸው ቆማለች። በእጇ ከቆርቆሮ የተሠራ የራስ ቁር ይዛለች። በፊልሙ አዲስ ዙር የመጣችው የጠፈር መርከብ አዛዥ የራስ ቁር መሆኑን ሲያዩ ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ ከፍያለው» አለች ልጅቱ። «ሃፍሳ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ከቴሌግራሙ ያስወጡኝ።»

ስሟን እንጂ መልኳን አያውቁም ነበር። በቴሌግራም ሰውን ማስወጣት በጣት ከመንካት አያልፍም፤ ያስወጡትን ሰው ፊት ለፊት ማግኘት ግን ሌላ ነው።  ብየዳው ጊዜ ስለሚወስድ በያጁ አግዳሚ ወንበር አሳያቸውና ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ልጄ፣ አንቺን ጠልቼ አይደለም» አሉ አቶ ከፍያለው። «ያን የመሰለ ታሪክ ሲያበላሹት ነው የተናደድኩት። አዛዧ ጥቁር፣ ሴት፣ በዚያ ላይ ስደተኛ! ድርሰቱን ትተው የሰው ቆዳ ቆጠራ ገቡ።»

«በድሮውም ተቆጥሮ ነበር እኮ፣ ጋሼ። ቆጥረው ሁሉንም ነጭ ወንድ አደረጉት እንጂ።»

«ታዲያ ይህን ስናገር ዘረኛ መባል አለብኝ?»

«እኔ አላልኩዎትም። የሚሉ አሉ፤ እነሱም አጥፍተዋል። ግን እርስዎ ያስወጡኝ ዕለት የጻፍኩትን እስከ መጨረሻው አንብበውት ነበር?»

አቶ ከፍያለው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነበር ያነበቡት፤ «አዛዧን ወድጃታለሁ» የሚለውን። ሃፍሳ ስልኳን አውጥታ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ።

«አዛዧን ወድጃታለሁ። ደራሲዎቹ ግን ፈርተዋታል። አራት ክፍል ሙሉ አንድ ጊዜ አልተሳሳተችም፣ አልፈራችም፣ አልተቆጣችም። ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ማስታወቂያ ነው የምትናገረው። እኛን የምትመስል ሴት አምጥተው ሰው መሆንን ነፈጓት። ከዚህ የተሻለ ይገባናል።»

«ይሄማ...» አሉ አቶ ከፍያለው፣ «ይሄማ እኔም የምለው ነው!»

«ግማሹን ነው የሚሉት» አለች ሃፍሳ ፈገግ ብላ። «እርስዎ ጥፋቱን መልኳ ላይ ጣሉት፤ እኔ ብዕሩ ላይ። ደካማ ድርሰት ነጭ ወንድ ላይም ይደርሳል። የድሮውን ሁለተኛ ዙር ያስታውሱታል?»

«ኧረ እሱስ አይነሳ!» ብለው ሳይወዱ ሳቁ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጅ ሆነው ከጓደኞችዎ ጋር ፊልሙን እየመሰላችሁ ስትጫወቱ፣ እርስዎ ማንን ይሆኑ ነበር?»

አቶ ከፍያለው ልጅነታቸው ትዝ አላቸው። ደሴ፣ የቀበሌው አዳራሽ በር ላይ፣ ስድስት ልጆች ሆነው ይጫወቱ ነበር። አዛዥ የሚሆነው ቀላ ያለው የጎረቤታቸው ልጅ ነው፤ እሳቸውን «አንተ አዛዡን አትመስልም» ስላሏቸው።

«ማሽኑን ነበር የምሆነው» አሉ ቀስ ብለው። «ፊት የሌለውን፣ ዕቃ የሚሸከመውን ማሽን። እሱን ማንም መምሰል ይችል ነበር።» ይህን ለሰው ተናግረውት አያውቁም ነበር።

ሃፍሳ አልሳቀችም። «የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ኪሱጉ ሰፈር ነው አብረን ያለነው። ይሄን የራስ ቁር ያሠራሁት ለእሷ ነው። አዛዥ ልትሆን ማንንም አላስፈቀደችም።»

አቶ ከፍያለው ስልኳን መለሱላት። «ወዳጅ ያስለቅሳል፣ ጠላት ያስቃል ይባላል» አሉ። «የሚተቸውን ሁሉ ጠላት ሳደርግ ኖሬ፣ ወዳጁን አባረርኩ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ። አላህ ይስጥልኝ።»

እዚያው አግዳሚው ላይ ሆነው ወደ ቡድኑ መለሷት፤ ሁለት ደንብም ጻፉ። አንደኛው፣ ሥራውን እንጂ ሰውን አትስደቡ። ሁለተኛው፣ እስከ መጨረሻው ሳታነቡ አትመልሱ። «ደንቡን በመጣስ የመጀመሪያው ጥፋተኛ እኔ ነኝ» የሚልም ጨመሩበት።

የለውጡ ጥቅም በወሩ ታየ። ከዚያ በፊት አንድም ሴት ረግጣው በማታውቀው ቤት ውስጥ የሃፍሳ ጓደኞች የፊተኛውን ወንበር ያዙ። ዝም ብለው ያዩ የነበሩት ሰዎች በአማርኛም በትግርኛም በኦሮምኛም መናገር ጀመሩ። ጭቅጭቁ አልቀረም፤ እንዲያውም በዛ። ነገር ግን ተቆጥቶ የወጣው ሁሉ በሚቀጥለው እሑድ ተመልሶ ይመጣል። የሚወዱትን ነገር በግልጽ መንቀፍ ፍቅሩን እንደማያጎድል፣ ማኅበርንም እንደሚያጸና ከዚህ በላይ ምን ያስተምራል?

አቶ ከፍያለውም በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው የመጀመሪያቸውን ረጅም ትችት ጻፉ። ከመለጠፋቸው በፊት ለሃፍሳ ላኩላት። ሦስት ቦታ ምልክት አድርጋ መለሰችላቸው። አመስግነው ሁለቱን አስተካከሉ፤ በሦስተኛው ግን እስካሁን እየተከራከሩ ነው።