ግንዱን የሸሸገው አጥር

ሲ ሙንጂ («ሲ» በቱኒዚያ «አቶ» እንደ ማለት ነው) የቴምር ዛፎቻቸውን ቃኝተው ሲመለሱ የወንድማቸውን ልጅ ራውዳን ከአትክልቱ አጥር ሥር አገኟት። ስታቲስቲክስ ከምትማርበት ከቱኒስ ለእረፍት ወደ ትውልድ ከተማዋ ወደ ቶዘር መምጣቷ ነበር። አባቷ ከሞተ ወዲህ፣ ታናሽ እኅቷ ናጅላ ሩቅ ከተማ ስፋቅስ ሄዳ እንድትማር የሚፈቅዱት እኒህ አጎት ናቸው። እርሳቸውም እንቢ ብለዋል።

«ዛሬም ልትጨቀጭቂኝ ነው?» አሉና የጋዜጣ ቁራጭ ከኪሳቸው መዘዙ። «የከለከልኋት እኔ አይደለሁም፤ ጥናቱ ነው። ይኸው ሥዕሉ፣ አንዱ ዓምድ የሌላውን እጥፍ ይረዝማል! ከቤት ርቀው የሚማሩ ልጆች እጮኝነታቸው የሚፈርሰው በእጥፍ ነው። ዓይን አይዋሽም።»

«ዓይንዎንማ አምናለሁ፣ አጎቴ። እስቲ በአጥሩ ላይ አሻግረው ይዩ፤ ከሁለቱ ቴምሮች የቱ ይረዝማል?»

«ለሚያየው የግራው የቀኙን እጥፍ ነው። ግን ሞኝ አታድርጊኝ! የምወጣባቸው እኔ ነኝ። ግንዳቸውን አጥሩ ሸሽጎት እንጂ ልዩነታቸው ክንድ አይሞላም።»

«የጋዜጣውም ሥዕል አጥር አለው» አለች፤ ጣቷን ከዓምዶቹ ግርጌ አሳርፋ። «ቁጥሩ ከስንት ይጀምራል?»

መነጽራቸውን አደረጉ። «ከ... ሃያ።»

«ከዜሮ አይደለም። ቤት ከቀሩት መቶ ልጆች ሃያ አንዱ፣ ርቀው ከሄዱት ሃያ ሁለቱ። አንዷን ልጅ ነው እጥፍ ያስመሰሏት።»

«አንዷስ ብትሆን ልጅ አይደለችም?»

«ልጅ ናት። ግን ማንን ጠየቁ? ከሥር በደቃቁ ተጽፏል፤ ተጣልተው ሽማግሌ ፊት የቀረቡትን ብቻ። እርስዎ የዓመቱን ፍሬ፣ ነፋስ ካረገፈው ቀምሰው ይፈርዱበታል?»

«እንዲህ የሚያደርግ ገበሬ መሳቂያ ነው» አሉ ሳያስቡት። ከዚያ በደቃቁ የተጻፈውን ዝቅ ብለው አነበቡ።

«ታዲያ ጥናት ሁሉ ይጣል?» ሲሉ ጠየቁ።

«የለም፤ ይመርመር። ቁጥር ምስክር ነው፤ ምስክር ሳይጠየቅ አይፈረድም።»

ብዙ ሰው በዚህ ዕድሜ ቃሉን ከሚያጥፍ አንገቱን ቢሰጥ ይመርጣል። ሲ ሙንጂ ግን ቁራጩን አጣጥፈው ለራውዳ ሰጧት፤ «እኅትሽ ሻንጣዋን ታዘጋጅ» አሉ። የልጅቷ ዕውቀት የሚያስመሰግን ነው፤ የሽማግሌው ልብ ግን ይበልጣል።

በመስከረም ናጅላ ቀድሞ የደረሰውን የቴምር ዘለላ ይዛ ወደ ስፋቅስ ተሳፈረች። በሰፈሩ ቡና ቤትም ወሬ በሥዕል ሲመጣ እንደ ድሮው ወዲያው ጠብ አይነሣም፤ የልጅ ዕጣም በአንድ ሥዕል አይቆረጥም። አንዱ ጋዜጣ ዘርግቶ «ጉድ እዩ!» ያለ እንደሆነ፣ ከጥግ የሲ ሙንጂ ድምፅ ይሰማል፦

«ቆይ እንጂ ልጄ፣ መጀመሪያ ግንዱን አሳየን።»